የግንዛቤ ማነስ ወይስ የኪስ ማነስ? የከተማ ቤተሰቦች የአመጋገብ ጥራት ትንታኔ ሲመዘን

በከተማ ቤተሰቦች አመጋገብ ላይ የሚካሄዱ ጥናቶች ገቢና ትምህርት ከምግብ ጥራት ጋር እንደሚያያዙ ደጋግመው ያሳያሉ። ብዙዎቹ ግን ውጤቱን ሲተረጉሙ ችግሩ «የግንዛቤ ማነስ» ነው፣ መፍትሔውም የሥነ ምግብ ትምህርት ነው ወደሚል መደምደሚያ ያዘነብላሉ። አተረጓጎሙ ከፊል እውነት ቢኖረውም በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ምክር ከቤተሰቡ ኑሮ ያርቀዋል።

የመጀመሪያው ጉድለት የገቢን ክብደት ማሳነሱ ነው። ጀርመናዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳመለከተው የቤተሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚውለው ድርሻ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ዋጋ ሲንር ከማዕዱ ቀድሞ የሚያነሣው እንጀራውን ሳይሆን እንቁላሉን፣ ወተቱንና ፍራፍሬውን ነው። የነዳጅ ወጪም አለ። ባቄላ ለመቀቀል ብዙ ከሰል ይፈጃል፤ ሽሮ ግን ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ ሽሮ ብቻ የምትሠራ እናት የጥራጥሬን ጥቅም አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ሒሳቧን በሚገባ አስልታ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት ትምህርትን ከዕውቀት ጋር ብቻ ማመሳከሩ ነው። የትምህርት ደረጃ ቋሚ ደመወዝን፣ የመኖሪያ ሰፈርን፣ ማቀዝቀዣ የመግዛት አቅምንና በቤት ወጪ ላይ የመወሰን ሥልጣንን አስከትሎ ይመጣል። በአንድ ወቅት ብቻ የተሰበሰበ መረጃ እነዚህን ለያይቶ ለማሳየት ይቸገራል። ይህ ሲባል ግን ዕውቀት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በጾም ወቅት ዕቃ እንዳይነካካ በሚል ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት የሚያስቀሩ ቤተሰቦች አሉ፤ አቅሙ እያላቸው ይህን ለሚያደርጉት ተገቢው መፍትሔ ምክርና ከሃይማኖት አባቶች ጋር መመካከር ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ወጡ ከበሰለ በኋላ መጨመርም ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ጉድለት በመለኪያው ላይ ይታያል። የሴቶች አነስተኛ የምግብ ስብጥር መለኪያ ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን ባለፉት 24 ሰዓታት መመገብን ይጠይቃል። የስኳር፣ የጨውና የዘይት ብዛት ግን አይታይበትም። በዚህም ምክንያት ገቢው ያደገ ቤተሰብ በስብጥር ከፍተኛ ነጥብ እያገኘ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት የሚያጋልጥ ምግብ ሊያዘወትር ይችላል። የገቢ ማደግ ብቻውን ማዕድን አያስተካክልም፤ የትምህርት እውነተኛ ተፈላጊነትም ምናልባት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው።

የከተማ አማካይ ቁጥርም ሊያዘናጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የመቀንጨር መጠን በገጠር 40 በመቶ፣ በከተማ 25 በመቶ ነበር። የከተማው አኃዝ ከገጠሩ ቢሻልም ከአራት ሕፃናት አንዱ መቀንጨሩን ይናገራል፤ በባለጸጋውና በደኃው ሰፈር መካከል ያለውን ልዩነትም ይሸፍናል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ የተሰባጠረ ምግብን ይመክራል። መመሪያው ለባለሙያው ጠቃሚ መነሻ ነው፤ ምክሩ ግን መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ሲነገር ወቀሳ ይሆናል። ስለሆነም ምክር ከመሰጠቱ በፊት ቤተሰቡ በሳምንት ምን እንደሚገዛ፣ በምን እንደሚያበስልና ወጪውን ማን እንደሚወስን መጠየቅ ይገባል። ችግሩ የዕውቀት ከሆነ ማስተማር፣ የገቢ ከሆነ ደግሞ በአቅሙ የሚገኘውን ጎመንና ጥራጥሬ ማመላከትና በአካባቢው ካሉ የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎቶች ጋር ማገናኘት ተገቢ ነው። ክብደቱ ባልጨመረ ሕፃን ካርድ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ያ ጽሑፍ ትርጉም የሚኖረው እናቲቱ ምክሩን ልትፈጽመው መቻሏ ሲረጋገጥ ነው።