የገበሬ ስንኝ ሲመዘን፦ ከወልዲያ እስከ መርሳ

ከወልዲያ በስተ ምዕራብ፣ በደጋው፣ ዋድላ አለ። ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ አገር ነው። እዚያ ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ የሚሰማ፣ የሚያርም፣ ሲሳካለትም «ይበል!» የሚል መምህር አለው። ወረድ ብሎ፣ በመርሳ አካባቢ፣ በሀብሩ ማሽላ መካከል የሚገጥም ገበሬ ግን የኔታ የለውም። ወፍጮ ላይ የምታንጎራጉር እናት፣ ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴት፣ ግጥማቸውን የሚያርምላቸው ሰሚው ብቻ ነው። ሰሚው መመዘን ካላወቀ ድንቁና መናኛው እኩል ይጨበጨብላቸዋል፤ ከዚያም እኩል ይረሳሉ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰሚ ነው።

የፊተኛውን ስንኝ መርምሩ

ባለ ሁለት ስንኝ የቃል ግጥም ሲባል ሁሉም የሚጠብቀው ሁለተኛውን ነው። ቁም ነገሩ እዚያ ይመጣልና። ፊተኛው ብዙ ጊዜ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ነው፤ ሰሚም ይህን ለምዶ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። የገጣሚው ችሎታ የሚለየው ግን እዚሁ ላይ ነው። ለማሳያ ያህል ራሴ የገጠምኳቸውን ሁለት ጥንዶች ላቅርብ። ሁለቱም ልጇ ዐረብ አገር የሄደባት እናት እንጉርጉሮ ናቸው እንበል።

ከወልዲያ በላይ ደመናው ጠቆረ፣
ልጄ ዐረብ አገር ሄዶ እዚያው ቀረ።

ቤቱ መትቷል፤ ልኩም አልተዛነፈም። ደመናው ግን ከልጁ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። «ጠቆረ» የመጣው «ቀረ» ስለሚከተል ነው። ደመናውን አንሥታችሁ በሌላ ነገር ብትተኩት ሐዘኑ አይጎድልበትም። አሁን ይህን ተመልከቱ፦

ማሽላው እሸት ሆነ ማማው ባዶ ዋለ፣
ወንጭፍ የያዘው እጅ ባሕር ማዶ ካለ።

እዚህ ፊተኛው ስንኝ ከወጣ ሁለተኛው ይፈርሳል። ማሽላ እሸት ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል፤ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚቆም ልጅ ያስፈልጋል። ልጁ የለም። እናትየዋ «ናፈቀኝ» ሳትል ማሳው ራሱ ይናገርላታል። እንግዲህ የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ነው፦ ፊተኛውን ስንኝ ቀይሩት፤ ምንም ካልጎደለ ግጥሙ ግማሽ ነው።

ልኩን በሥራው ለኩት

ከላይ ያለው ጥንድ የወል ቤት በሚባለው ልክ የተገጠመ ነው። ማሽ-ላው-እ-ሸት-ሆ-ነ ስድስት ቀለም፣ ማ-ማው-ባ-ዶ-ዋ-ለ ስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስት በአምስት ይሄዳል። ደራሲው መንግሥቱ ለማ የአማርኛን የስንኝ አሠራር በ1963 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ መርምሮታል። ገበሬው ግን ቀለም በጣት አይቆጥርም፤ የሚቆጥርለት ሥራው ነው። በደቦ አጨዳ ላይ አውጪው ስንኙን ጥሎ ተቀባዮቹ እስኪያነሡት ድረስ ማጭዱ አይቆምም። የተንዛዛ ስንኝ የአጫጁን ትንፋሽ ይነጥቃል። ስለዚህ የደቦ ግጥምን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በወረቀት ብቻ አትፍረዱበት። ጮክ ብላችሁ፣ እጃችሁን እያንቀሳቀሳችሁ በሉት። እጅ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የግጥሙ ነው።

ሰሙ ራሱን ይቻል

ወርቅ ፍለጋ የሚቸኩል ሰሚ ሰሙን ይረግጠዋል። ጥሩ ገበሬ ገጣሚ ስለ በሬው ሲናገር በመጀመሪያ ስለ በሬው እውነት ይናገራል። ቀንበሩ የሚያርፍበትን ቦታ፣ በሬው ቦይ የሚስትበትን ምክንያት ያውቃል። ጌታውን ወይም ሹሙን መንካቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሰሙ ውሸት ከሆነ ወርቁ አያስፈራም፤ አያስቅም። ለዚህ ፈተናው ቀላል ነው። ስንኙን ምስጢሩን ለማያውቅ አራሽ ንገሩት። ስለ እርሻ የተባለ መስሎት «እውነት ነው» ካለ፣ ሰሙ ቆሟል። እህልን በደፈናው «እህል» ከሚል ገጣሚ ይልቅ የማሽላ ዘሮቹን ጅጉርቲንና ወተት በጉንጬን ለይቶ የሚጠራውን እመኑ። የወሎ ገበሬ ለማሽላው ወተት በጉንጬ የሚል ስም ያወጣ ሰው ነው፤ ከእርሱ ደፋር ቃል መጠበቅ መብታችን ነው።

ሙሾውን ለሌላ ሟች ሞክሩት

«ጀግና ነበር፣ ለጋስ ነበር» የሚል ሙሾ ለማንም ሟች ይሆናል። ጥሩ አልቃሽ ግን የዚያን ሰው በር፣ የዚያን ሰው በሬ፣ የዚያን ሰው አመል ታነሣለች። ሙሾውን ወስዳችሁ በሌላ ቤት ለቅሶ ላይ አስቡት። ልክ ከሆነለት ደካማ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎ ብዙ ሰው ቀብሯል። በዚያ ዓይነት ዘመን ሟቾች ቁጥር ሆነው ይቀራሉ፤ አንዱን ሰው በስሙና በአመሉ የሚያስቀር ሙሾ ታላቅ ሥራ ነው።

በራሱ አፍ ይናገር

በራስ አነጋገር መግጠም ስላለው ዋጋ ከሩቅ አገር ምሳሌ ላንሣ። በአልስተር፣ በሰሜን አየርላንድ፣ ግጥም የሚጽፉ ሸማኔዎች ነበሩ። የባሊካሪው ጄምስ ኦር (1770–1816 እ.ኤ.አ.) በ1798ቱ የአየርላንድ ዐመፅ የተሳተፈ ሸማኔ ነው። በተማረው ሰው እንግሊዝኛም፣ ጎረቤቶቹ በሚናገሩት የአልስተር ስኮትስም ጽፏል፤ ዛሬ ስሙን ያቆሙለት በሁለተኛው የጻፋቸው ናቸው። የእኛም አገር የራሱ ምስክር አለው። ዳናን የመሰሉ የዒልም (የእስልምና ትምህርት) ማእከሎች ባሉበት በወሎ ምድር ሼህ ጠልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች ዐረብኛ ጠንቅቀው እያወቁ ለሕዝባቸው መንዙማን በአማርኛ ገጥመዋል። ስለዚህ የሀብሩ ገጣሚ «ዱዓ» እና «ከራማ»ን ከማርያም ስም ጋር በአንድ ጥንድ ሲያስገባ አትደነቁ፤ የሙስሊሙ ወዳጃና የክርስቲያኑ ማኅበር ጎን ለጎን ያሉበት አገር ሰው ነው። የሚያጠራጥረው የሬዲዮ ዜና አማርኛ የሚናገር ገበሬ ነው። «የወሎ ቆንጆ» እና «የፍቅር አገር» እያለ ከተማ ለከተማ የሚዞረው የሠርግ ግጥምም በእኔ ሚዛን ቀላል ነው፤ ወልዲያ ቢባል መርሳ፣ ደሴ ቢባል ባቲ ምንም አይለወጥበትምና።

የሰማችሁትን መዝግቡ

ተመራማሪው ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ረኀብ የገጠሙትን ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሌላው ተመራማሪ ጌቴ ገላዬ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ስለ 1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል በግጥም ያሉትን አጥንተዋል። የአልስተር ሸማኔዎችንም ገጣሚው ጆን ሂዊት በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለአዲስ አንባቢ አድርሷቸዋል። እነዚያ ሸማኔዎች ግን ዕድለኞች ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸው አስቀድመው ገንዘብ እያዋጡ መጽሐፋቸውን አሳትመውላቸዋል። የእኛ ገበሬ ስንኝ ብዙ ጊዜ «የሕዝብ» ተብሎ ስም አልባ ይቀራል። ሕዝብ ግን አይገጥምም፤ የሚገጥመው አንድ ሰው ነው። ሕዝብ ተቀብሎ ያዜማል።

በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ በመርሳና በውርጌሳ የምታስተምሩ፣ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ስትቀዱ ከግጥሙ ጋር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ገጠመው፣ የት ቀበሌ፣ ምን ሥራ ላይ ሳለ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ ስሙንም በሙሉ ክብር አስቀምጡ። ከዚያ መዝኑ፤ ደካማውን ደካማ ለማለትም አትፍሩ። ገበሬውን የምናከብረው እንደ ማንኛውም ባለሙያ ሥራውን ስንፈትንለት ነው።