መዋጮው የማን ነው?

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ «ዩኒየን» ቢሉ ሰው የሚገባው ማዳበሪያ ነው። የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ማለት ነውና፣ ዩሪያው ገባ አልገባም ይነግሩዎታል። «ማኅበር» ካሉ የሚካኤል ወይም የማርያም ዝክር ይታሰባል። «ገበሬ ማኅበር»ማ ቀበሌው ነው፤ በደርግ ዘመን ገበሬው የራሱ ነው ተብሎ የተሰጠው ማኅበር የመንግሥት እጅ ሆኖ ቀረ፣ ስሙ ግን ከአፍ አልወጣም። ሠራተኛ ማኅበር የሚባለው ነገር እዚህ ገና እንግዳ ነው። አይፈረድም፤ በአካባቢው ደመወዝተኛ ሲባል ለረጅም ጊዜ መምህርና የቢሮ ሰው ነበር።

ቡሬ ግን የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶባታል፤ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሥራ አዋጅ መሠረት አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ሠራተኛው በጽሑፍ ከጠየቀ አሠሪው መዋጮውን ከደመወዙ ቆርጦ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። እዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ በኋላስ ብሩ ወዴት ይሄዳል? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሪፖርት ላይ የሚጨበጨብለት የአባላት ብዛት ነው።

ብዛት ደግሞ ያታልላል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1966 ዓ.ም. የነበሩት አባላት 80 ሺህ ገደማ ናቸው። በአሜሪካ ማኅበራት ገንዘብ ይተዳደራል እየተባለ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱም ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ቢሆንም በየካቲት መጨረሻ የጠራው አድማ ለአራት ቀናት ያህል አገሩን ቀጥ አደረገው። ደርግ ያን አፍርሶ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን አቆመ። የዚህኛው አባላት በ1976 ዓ.ም. ከ300 ሺህ በልጠው ነበር። አድማ ጠራ? ኧረ ምን በወጣው! ሥራው ምርት ማሳደግና የመንግሥትን ፖሊሲ ማስረዳት ነበር። አባሉ አራት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ የት ገባ?

ከደርግ በኋላ የተቋቋመው ኢሠማኮም የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማሻሻያ ቢተች በ1987 ዓ.ም. ምዝገባው ተሰረዘ። በ1989 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት መሪዎቹ ሌሎች ነበሩ።

የመምህራኑ ታሪክ ይብሳል። ማኅበራቸው በ1985 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። ነባሩ ወገን፣ ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ ሳይጠየቅ ለሌላኛው ይተላለፋል እያለ እስከ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ድረስ አቤት አለ። በ2000 ዓ.ም. ሰበር ሰሚው ችሎት ለአዲሱ ፈረደ። እኔ ፍርዱን ልከራከር አይደለም የመጣሁት። ጥያቄዬ ስለ አንድ የገጠር መምህር ነው፦ የሚቆረጥበት ብር ለየትኛው ወገን እንዲሄድ ፈለገ? ማን ጠየቀው?

ፈረንጅስ? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጡት ሕግ፣ ማኅበር ለፖለቲካ ገንዘብ ማውጣት ከፈለገ ለብቻው ቋት ያበጃል፤ የማይፈልግ አባል ከዚያ ክፍያ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የማኅበር አባል የሆነው ከአሥር ሠራተኛ አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ ለምርጫ የሚያወጡት ገንዘብ ግን እንደ አባላቱ ቁጥር አልቀነሰም። እነሱም ጋ ጭቅጭቁ አላለቀም። ቢያንስ ግን ይጨቃጨቃሉ።

ጎጃምም ገንዘብ ሲባል ዝም ብሎ አያውቅም እኮ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን አልከፍልም ብሎ የተነሣው ገበሬ የአባልነት መታወቂያ አልነበረውም፤ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ግን አስነሥቷል። የእድር አባልም ቢሆን አሥር ብሩ የት እንደገባች ካልተነገረው ገንዘብ ያዡን አያስቀምጠውም። ታዲያ ይኸው ሰው ፋብሪካ ሲገባና ደመወዙ ላይ «መዋጮ» የሚል መስመር ሲያይ ምን አፉን ያዘው? ምናለ ቡሬ ላይ የሚቋቋሙ ማኅበራት ደንባቸውን ሲጽፉ፣ ለፓርቲ ድጋፍና ለየጥሪው የሚወጣውን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጠው፣ ያልፈለገ አባል «የእኔን ተዉልኝ» የሚልበትን አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ?