የግማሽ ፍሬ ጤፍ ልኬት

አምስት ጥይት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ሁሉም .308 ዊንቸስተር ናቸው፤ አረራቸው ከአንድ ፓኮ የወጣ፣ ባሩዳቸው በአንድ ሚዛን የተመዘነ፣ በአንድ ፕሬስ ላይ በአንድ እጅ የተገጠሙ። ካሊፐሩ ግን ለአምስቱ አምስት ቁጥር ይሰጣል፤ 71.05፣ 71.18፣ 70.98፣ 71.11፣ 71.22 ሚሊሜትር። ጀማሪ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። ብሎን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ አንዱን አረር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሌላውን መልሶ ይስባል። ሲመሽ አምስቱም በቁጥር እኩል ይሆናሉ። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የተበላሹት።

ማሽኑ አልበደለም፤ የተሳሳተው የተለካው ቦታ ነው።

ለኢላማ ውድድር የሚሠራ አረር ጫፉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው። ፋብሪካው የመዳብ ልባሱን ከታች ወደ ላይ እየጠበበ ሲቀርጸው ጫፉ መጨረሻ ላይ ስለሚዘጋ፣ ከንፈሩ አንዱ ጋ ከፍ፣ ሌላው ጋ ዝቅ ብሎ ይቀራል። በአንድ ፓኮ ውስጥ ባሉ አረሮች መካከል የሩብ ሚሊሜትር ልዩነት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይህ ጫፍ ደግሞ ጠመንጃው ውስጥ ምንም ነገር አይነካም። አረሩ ወደ ፊት ሲሄድ መጀመሪያ የሚገናኘው በቱቦው ውስጥ ተጠማዝዘው ከሚሄዱት ሸንተረሮች ጋር ነው፤ የሚገናኘውም ባለሙያዎች ኦጃይቭ በሚሉት፣ የአረሩ ጎን ወደ ጫፉ መጥበብ በሚጀምርበት ጥምዝ በኩል ነው። ከዚያ ጥምዝ እስከ ሸንተረሩ መነሻ ያለችው ክፍት ቦታ ዝላይ ትባላለች። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ተደርጋ ትጀመራለች፤ የአንዲት ፍሬ ጤፍ ግማሽ ማለት ነው። በእጅ ጥይት የሚሞላ ሰው ምሽቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚፈልጋት ይህችን ነው።

ታዲያ የጥይት አሞላል መጻሕፍት የሚሰጡት ጠቅላላ ርዝመት ለምንድን ነው? የአሜሪካ የጥይት አምራቾች ደረጃ ለ.308 ዊንቸስተር የሚፈቅደው ከፍተኛ ርዝመት 2.810 ኢንች፣ ማለትም 71.37 ሚሊሜትር ነው። ጥቅሙ ጥይቱ ከካዝናው ሳይጋጭ ወጥቶ በየትኛውም ጤነኛ ጠመንጃ እንዲጎርስ ነው። የአንተ ጠመንጃ ሸንተረር የት እንደሚጀምር ግን አይነግርህም።

መፍትሔው ኮምፓሬተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። በካሊፐሩ አንድ መንጋጋ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ውስጡ ቀለበት አለው፤ የቀለበቱ ቀዳዳ ከአረሩ ሙሉ ውፍረት ጥቂት ያንሳል። የአረሩ ጫፍ በቀዳዳው አልፎ ይገባል፤ ጥምዙ ቀለበቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ የሚለካው ከቀለሃው መቀመጫ እስከ ጥምዙ ነው፤ ጫፉ እንደፈለገው ይሁን። ያ አምስት ጥይት በዚህ ሲለካ ልዩነቱ ወደ 0.02 ሚሊሜትር ወረደ።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እጅ ግን ይማራል። መንጋጋዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ የባሩድ ብናኝ ወይም የናስ ፍቅፋቂ አንዲት ብትቀር ቁጥሩን ታሳስታለች። ኮምፓሬተሩ እንደታሰረ ካሊፐሩ ዜሮ ይደረጋል። ጥይቱ በመቀመጫው ወደ ቀጥተኛው መንጋጋ ይደገፋል፤ አውራ ጣት ተንሸራታቹን በቀስታ ያመጣል፤ ከዚያ ጥይቱ በሁለት ጣት ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራል። በዚህ መሽከርከር ውስጥ ጥይቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቁጥሩ ወርዶ ይረጋል፤ የሚጻፈው ያ ነው። አውራ ጣቱ ቢጠነክር መንጋጋው ጥቂት ያዘነብላል፤ የካሊፐር መስፈሪያ መስመር ከሚለካው ዕቃ ጎን ስለሆነ ትንሿ ማዘንበል ስሕተት ትሆናለች። የጀርመኑ የብርሃን ሊቅ ኤርንስት አቤ ይህን ድክመት በ1890 እ.ኤ.አ. በመርሕ ደረጃ አስቀምጦታል። የካሊፐሩ ማሳያ 0.01 ስላሳየም መሣሪያው እስከዚያ ድረስ እውነት ይናገራል ማለት አይደለም፤ ሚቱቶዮን የመሰለ ስመ ጥር አምራች እንኳ ለ150 ሚሊሜትር ካሊፐሩ የሚገባው ቃል በ0.02 ሚሊሜትር ውስጥ ነው።

የመለካት ጥበብ ራሱ ለጠመንጃ ፋብሪካ ባለ ዕዳ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ.፣ የአድዋ ድል በተገኘበት ዓመት፣ ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሰን የተባለ ስዊድናዊ ኤስኪልስቱና ከሚገኘው የጠመንጃ ፋብሪካ ተልኮ ኦበርንዶርፍ፣ ጀርመን ያለውን የማውዘር ፋብሪካ ጎበኘ። እዚያ ለእያንዳንዱ ልኬት ለብቻው የተሠራ መለኪያ ተከምሮ አየ። በባቡር ወደ አገሩ ሲመለስ የመጣለት ሐሳብ 102 የብረት ቁራጮችን እያጣመሩ 20,000 ልኬት ማግኘት የሚያስችል ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ያለሰለሰው የባለቤቱን የስፌት መኪና ለሞረዳ አስተካክሎ ነው። ኢንችን 25.4 ሚሊሜትር ላይ የቆረጠውም እሱ ነበር፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በ1959 እ.ኤ.አ. የጋራ ሕግ አድርገውታል። የዮሐንሰን ሕልም በስዊድን የተለካ ብረት አሜሪካ ላይ ሲለካ ያንኑ ቁጥር እንዲሰጥ ነው።

የኮምፓሬተር ቁጥር ግን እንዲህ አይጓዝም። የአንዱ ቀለበት ከሌላው በጥቂቱ ይሰፋል፤ አንዱ የውስጥ ጠርዙ ሹል፣ ሌላው ክብ ነው። ስለዚህ አንዱ 55.90 ያለው ጥይት በሌላው ጠረጴዛ 56.05 ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ቁጥሩ የሚሠራው በዚያው ቀለበት፣ በዚያው ካሊፐር ሁለት ነገር ሲነጻጸር ብቻ ነው፦ ሸንተረሩ የነካው ርዝመትና ሊገጠም የታሰበው ርዝመት። የወዳጅን ቁጥር ተውሶ መግጠም የወዳጅን መነጽር ተውሶ ከማንበብ አይሻልም።

ሸንተረሩን ለማግኘት የተለመደው ባዶ ቀለሃ ወስዶ አንገቱን በቀጭን መጋዝ መሰንጠቅ ነው። ባሩድም ካፕሱልም የለውም፤ ይህ ሁለት ጊዜ መረጋገጥ አለበት። አረሩ በአንገቱ በጣት ይገባና ረዝሞ ይተዋል፤ ጠመንጃው ይጎርሰዋል፤ መቀርቀሪያው በቀስታ ሲዘጋ ሸንተረሩ አረሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከዚያ ወጥቶ ይለካል።

ወጥመዱ እዚህ አለ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በጀማሪነቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ አመነ። አረሩ ሸንተረሩ ላይ ነክሶ ነበርና ቀለሃው ሲወጣ ከአንገቱ ተጎትቶ 0.4 ሚሊሜትር ረዝሟል። እሱ ግማሽ ሚሊሜትር ዝላይ የተወ ሲመስለው የቀረችው 0.1 ነበረች። ተኩሶ ሲያወጣ የካፕሱሉ ፊት ተጨፍልቋል፣ መቀርቀሪያውን ለማንሳትም መዳፍ አስፈልጓል። አረር ሸንተረሩን ሲጠጋ ወይም ሲነካ ግፊቱ ይጨምራል፤ ወደ ቀለሃው አብዝቶ ሲገባም የባሩዱን ቦታ ስለሚያጣብብ እንዲሁ ይጨምራል። ዝላዩን የሚለውጥ ሰው ባሩዱን ወደ መጽሐፉ መነሻ መጠን መልሶ እንደገና መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አዘጋጁ አረሩን በጥቁር ማርከር ይቀባል፤ ተንሸራትቶ ከነበረ ቀለሙ ላይ የተፋቀ መስመር ይታያል። አምስት ጊዜ ይለካል፤ ከሌሎቹ የራቀውን ይጥላል።

ኮምፓሬተርም ተይዞ ልዩነት የሚቀርበት ምክንያት አለ። ፕሬሱ ላይ የሚታሰረው መግጠሚያ ዳይ ይባላል፤ አረሩን የሚገፋው የዳዩ ዘንግ የሚነካው ወደ ጫፉ ቀረብ ብሎ ነው፤ ቀለበቱ የሚነካው ወደ ታች ወረድ ብሎ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው የአረሩ ቅርጽ ከአንዱ ወደ ሌላው ካልተመሳሰለ ያው ግፊት የተለያየ ጥልቀት ይሰጣል። የቀለሃው አንገት አንዱ ጠንክሮ ሌላው ላልቶ ቢሆንም እንዲሁ። ብልሃቱ መጀመሪያ ሁሉንም ሩብ ሚሊሜትር ያህል አስረዝሞ መግጠም፣ ለክቶ፣ የቀረውን በሁለተኛ ግፊት ማስገባት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ይገባዋልም።

እስከ የት ድረስ መታገል ይገባል? ከእጅ ሙቀት የተነሳ ቀለሃው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ርዝመቱ 0.01 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ከ0.02 በታች የሚባዝን ሰው የሚለካው የራሱን መዳፍ ነው። በሌላ በኩል የአሜሪካው አረር አምራች በርገር ቪኤልዲ የሚባሉትን ረጃጅም አረሮቹን ለሚሞክሩ የመከረው እርምጃ 0.040 ኢንች፣ ወደ 1 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ በሰፊ እርምጃ ጥሩውን ሰፈር ማግኘት፣ ከዚያ ቤቱን መፈለግ።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ በአገራችን ገበያዎች ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር። ያኔ ጥይት የሚቆጠር ነገር ነበር። በእጅ ለሚሞላው ሰው ግን ቆጠራው ብቻ አይበቃውም፤ የትኛው ቱቦ ስንት ጊዜ ተኩሷል የሚለውም ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ተኩስ የቱቦውን ጉሮሮ ይልሰዋልና ሸንተረሩ በመቶዎች በሚቆጠር ተኩስ ውስጥ ወደ ፊት ይሸሻል። ማስታወሻችሁ ላይ ያለው ቁጥር የአምና ከሆነ፣ ባሩድ ከመመዘናችሁ በፊት የተሰነጠቀውን ቀለሃ አውጡና ዛሬ እንደገና ለኩ።