ተላመደና አላመደ፤ በሥነ ሕይወትና በቴአትር ስለሚነገር አንድ ቃል

«ለመደ» ከሚለው ግሥ የሚወጡት ቃላት ለባህል ተመራማሪ ሁሉም የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የሚያጠናው ነገር ራሱ ልማድ ይባላል፤ ተዋናይ ወደ መድረክ ከመውጣቱ አስቀድሞ የሚደክምበት ሥራ ልምምድ ነው፤ የቆላ ሰው ደጋ ወጥቶ ብርዱን ሲችለው ተላመደ ይባላል፤ ገበሬ የዱሩን አውሬ ለቤት ሲያበቃው አላመደ ይባላል። በኋለኞቹ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ብትመስልም ትልቅ ነገር ይዛለች። ተላመደ ሲባል አድራጊውን የሚጠይቅ የለም፤ አላመደ ሲባል ግን ማን አላመደው? ለማን ጥቅም? የሚሉት ጥያቄዎች ወዲያው ይከተላሉ። የኤውሮፓ ሊቃውንት ለሁለቱም ነገር «አዳፕቴሽን» በሚባል፥ ከላቲን በወረሱት አንድ ቃል ሲገለገሉ ቆይተዋል፤ ትርጉሙም ልክ ማድረግ፥ ማገጣጠም ማለት ነው። የወፍ ክንፍ ከአየር ጋር መስማማቱም፥ ልብ ወለድ ወደ ቴአትር መለወጡም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ክርክር ተወልዷል።

ሁለቱን ፍቺዎች ለማገናኘት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በሰፊው የታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. (ሌላ ካልተነገረ በቀር የዚህ ጽሑፍ ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ኒው ሊተራሪ ሂስትሪ» በተባለው መጽሔት የወጣው የጋሪ ቦርቶሎቲና የሊንዳ ሀቺን ጥናት ነው። አንደኛው የሥነ ሕይወት ሊቅ፥ ሁለተኛይቱ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ሲሆኑ፥ ሀቺን ከዚያ በፊት በ2006 ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ነገራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ታሪክ እንደ ዘረ መል ራሱን እያባዛ የሚኖር ነገር ነው፤ ልብ ወለዱ፥ ቴአትሩ፥ ኦፔራውና ፊልሙ ደግሞ ታሪኩን ተሸክመው ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሻግሩት አካላት ናቸው። አካባቢ ሲለወጥ አካሉም ይለወጣል። ስለዚህ አዲሱ ሥራ ለጥንተ ሥራው ታማኝ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መመርመር ዋጋ የለውም፤ መመርመር ያለበት ታሪኩ ጸንቶ መኖሩ፥ መብዛቱና በልዩ ልዩ መልክ መስፋፋቱ ነው። ይህንንም እንደ ማነጻጸሪያ ብቻ አያቀርቡትም፤ ሁለቱ ሂደቶች በአሠራራቸው የሚመሳሰሉ ናቸው ይላሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ መልካም ነገር መኖሩን መካድ አይገባም። ለብዙ ዘመን ሐያስያን ከመጽሐፍ የተወሰደን ቴአትር ሲመዝኑ ሥራቸው የጎደለውን መቁጠር ብቻ ነበር፤ ይህ ምዕራፍ ቀርቷል፥ ያ ሰው ተለውጧል፥ መጨረሻው ሌላ ሆኗል እያሉ። ወፍን ከጥንት አባቷ ከምድር እንስሳው ስለ ተለየች የሚወቅሳት የለም፤ እንዲሁም ቴአትርን ከመጽሐፍ ስለ ተለየ ብቻ መውቀስ ሞኝነት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ጸሐፊዎች እውነት አላቸው። ችግሩ የሚጀምረው ታማኝነት የሚባለውን አሮጌ ሚዛን አንሥተው በምትኩ ጸንቶ መኖርን ሲያስቀምጡ ነው።

በሥነ ሕይወት መላመድ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረዋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅንም ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ለዚህ ችግር የሚያሳዩት ምላሽ የሄሞግሎቢን ብዛት ነው፤ የቲቤት ነዋሪዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን ሙሌት ዝቅ ብሎ ይገኛል። የስሜን ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ ለወንዶች 15.9፥ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፥ የኦክሲጅኑም ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ነው። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ተገኘ፤ ከሦስቱ ሕዝቦች ግን መልሱን አስቦ የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የአማርኛው ቃል ራሱ ወጥመድ አለበት። ከቆላ ወጥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትንፋሹ የሚረጋለት ነጋዴም ተላመደ ይባላልና። የነጋዴው መልመድ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ነገር ነው፤ ወደ ቆላ ሲመለስ ይተወዋል፥ ለልጁም አያወርሰውም። ዳርዊን በ1859 የጻፈለት መላመድ የትውልዶች ነገር ነው፤ የሚለወጠው አንዱ ሰው ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ለውጡም የሚመጣው አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ልጅ ስለሚተኩ ነው። ላማርክ በ1809 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለቱን አገናኝቶ፥ በኑሮ የተገኘው ለልጅ ይተላለፋል ብሎ ነበር፤ ሊቃውንቱ በዚህ ነገር አልተቀበሉትም። በቴአትር ያለው ለውጥ ግን፥ ነገሩ ቢገርምም፥ ከዳርዊን ይልቅ ለላማርክ ይቀርባል፤ አንድ አዘጋጅ በአንድ ክረምት ልምምድ ያገኘውን ለተከታዩ በቀጥታ ያወርሳልና።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጉልድና ሌዎንቲን በ1979 ባወጡት ዝነኛ ጽሑፍ፥ በእንስሳ አካል ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ ለአንድ ጥቅም የተሠራ ነው የሚሉትን ባልደረቦቻቸውን ተቃውመዋል። ምሳሌያቸውንም የወሰዱት ከቬኒስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጣራውን የተሸከሙት ቅስቶች ሲገናኙ በመካከላቸው የግድ የሚተርፈውን ሦስት ማዕዘን ሥፍራ ያየ ሰው፥ ሥፍራው ለሥዕሉ ተብሎ የተሠራ ይመስለዋል፤ ሥዕሉ ግን የመጣው ሥፍራው ከተረፈ በኋላ ነው። ይህ ምክር ለባህል ተመራማሪም የተጻፈ ያህል ነው። በአማርኛ ቴአትር የመጀመሪያ ዘመናት የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ዛሬ የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ የሚያይ ተማሪ ይህን አገሪቱ ከውጭ ያመጣችውን ጥበብ ከባህልዋ ጋር ለማስማማት የፈጠረችው ዘዴ ነው ብሎ ረጅም ሐተታ ሊጽፍ ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን በመድረክ ለመቆም የሚፈቀድላት ሴት አለመገኘቷ ነበር። እጦትን ሁሉ ጥበብ ማድረግ አይገባም።

የጸንቶ መኖር ሚዛን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ከበርቶልት ብሬክት «እናት ኩራዥ» የተሻለ ምስክር አይገኝም። ብሬክት ይህን ተውኔት በ1939 ሲጽፍ የሴትዮዋን ስም የወሰደው ግሪመልስሃውዘን በ1670 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ ስለዚህ ጥንተ ሥራ የሚባለው ራሱ የተላመደ ሥራ ነው። ታሪኩ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጊዜ ጋሪዋን እየጎተተች ለወታደር ዕቃ ስለምትሸጥና ሦስቱንም ልጆቿን ስላጣች ነጋዴ ነው። ኩራዥ፥ ማለት ድፍረት፥ የተባለችበት ምክንያት ራሱ ፌዝ አለበት፤ በሪጋ ከተማ የመድፉን እሩምታ ሰንጥቃ ያለፈችው ጀግና ስለሆነች ሳይሆን፥ የጫነችው 50 ዳቦ ሳይሻግት ለመሸጥ ስለቸኮለች ነበር። ተውኔቱ በ1941 በዙሪክ ሲታይ ተመልካቹ አለቀሰላት፤ ሐያስያንም ልጆቿን ያጣችውን የግሪኮችን ኒዮቤን አስታወሱ። በአዲሱ ሚዛን ከተሄደ ይህ ግሩም ስኬት ነው፤ ሥራው በጦርነት መካከል ላለ ሕዝብ ልብ ልክ ሆነ።

ብሬክት ግን ተቆጣ። ከጦርነት ትርፍ የምትፈልግ ሴት ከጦርነት ምንም እንደማትማር ለማሳየት የጻፈው የእናት ሐዘን ሆኖ ቀረበት። በ1949 በበርሊን ሲያሳየው ጽሑፉን ለወጠው። አምስተኛው ትዕይንት ላይ በመጀመሪያው ጽሑፍ ለቁስለኞች ማሰሪያ የሚሆኑትን ሸሚዞች ራሷ ትሰጥ ነበር፤ በኋለኛው ግን አልሰጥም ትላለች፥ ሸሚዞቹም በግድ ይወሰዱባታል። የበርሊንም ተመልካች አልቅሷል፤ ደራሲው ይህን ያውቅ ነበር፤ ለውጡን ግን አልተወም። ይህ ነገር በዱር ምን ይመስላል? ዘሩ በአካባቢው ደስ ተሰኝቶ ሲባዛ አይቶ፥ የዚህ ዓይነት መስማማት አልወድም ብሎ አካሉን የለወጠ እንስሳ አልተገኘም። ቦርቶሎቲና ሀቺን ታማኝነትን ሲያባርሩ ዓላማ የሚባለውንም አብረው አስወጥተውታል፤ ዓላማ ከወጣ ደግሞ ኀላፊነት የሚጠየቅ አይኖርም።

የአገር ውስጥ ምስክርም አለ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው፤ የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች ፈለግ ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፥ አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን ስለ አገሪቱ አስተዳደር ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ተከለከለ። ለአካባቢው እጅግ ልክ ስለነበረ ተከለከለ ማለት ይቻላል፤ ነቀፋው ቦታውን ባይነካ ማን ይከለክለው ነበር? በመብዛትና በመስፋፋት ከተመዘነ እንደ ጠፋ ዘር መቆጠር አለበት። የአማርኛ ቴአትር የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ግን የሚጀመረው ከእርሱ ነው።

ታዲያ ሥነ ሕይወት ለቴአትር ሐያሲ የሚሰጠው ነገር የለም ማለት ነውን? አለ፤ ዳሩ ግን የተፈለገው በሌላ ምዕራፍ ነው። ዳርዊን መጽሐፉን የጀመረው በዱር ስላለው ተፈጥሮአዊ ምርጫ አይደለም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ቤት እንስሳትና ስለ አዝርዕት፥ ይልቁንም ስለ ርግብ አርቢዎች ነው። በዚያም ሁለት ዓይነት የሰው ምርጫ ይለያል። አንደኛው ይህን ዓይነት ክንፍ እፈልጋለሁ ብሎ ዘሩን አስቦ የሚለውጥ አርቢ ነው። ሁለተኛው ዘሩን ለመለወጥ አንዳች አሳብ ሳይኖረው፥ ከመንጋው መልካሙን ብቻ እያስቀረ በብዙ ዘመን ሳያውቅ የሚለውጠው ነው። ጤፍ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የመጣ ይመስላል። የዱር ሣር ፍሬውን ሲበስል በነፋስ መበተኑ ለሕይወቱ ይበጀዋል፤ ለአጫጅ ግን ኪሳራ ነው። ለዘር የሚቀመጠው ከእሸቱ ላይ ሳይረግፍ አውድማ የደረሰው ስለሆነ፥ የሚጠብቅ ፍሬ በዛ፤ ገበሬው ግን አንድም ቀን የሣሩን ጠባይ ልለውጥ ብሎ አልተነሣም።

ይህ ልዩነት ለቃል ጥበብና ለመድረክ ጥበብ ምንኛ ይስማማል! አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከመኳንንት ግብር ወደ ጠጅ ቤት፥ ከጠጅ ቤትም በውጭ አገር ከተሞች ወዳሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሲሸጋገር፥ አድማጭ የሳቀበት ስንኝ ይቀራል፥ ዝም ያለበት ይወድቃል፤ ይህ የገበሬው ዓይነት ምርጫ ነው። ተራኪ አያትም ተረቱን የምትለውጠው እንዲሁ ነው። የባህል ተመራማሪ በእነዚህ ላይ የመስፋፋትንና የመጽናትን ሚዛን ቢጠቀም ብዙ አይሳሳትም። ስሙን በሽፋን ላይ አትሞ የሌላ አገር ተውኔት ወደ አማርኛ የሚያመጣ ደራሲ ግን ርግብ አርቢው ነው፤ ምን ፈልጎ ምን እንደጣለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የአማርኛ ቴአትር ሰዎች ለዚህ ሥራ የሰጡት ስም ውርስ ትርጉም ነው። ስሙ ከታሰበበት በላይ ያስኬዳል። በሥነ ሕይወት ውርስ የሚባለው ሳይለወጥ የሚተላለፈው ነው፤ መላመድ የሚባለው ደግሞ የተለወጠው። የእኛው ቴአትር የተለወጠውን በማይለወጠው ስም ጠራው። ውርስ ሲባል ሀብትም ዕዳም አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ የብሬክትን ጋሪ የወረሰ ሰው የብሬክትን ጠብ ወረሰ ወይስ አልወረሰም? ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፥ አብዮት በፈነዳበት ዘመን አካባቢ፥ «እናት ኩራዥ»ን «እናት ዓለም ጠኑ» ብለው አቅርበውታል። ርእሱ እንደ ስምም እንደ ጥሪም ቢነበብ፥ ጆሮ የሚይዘው የመጽናትን ቃል ነው፤ አነጋገሩም በአክብሮት ነው። ኩራዥ የሚለው ፌዝ ያለበት ቅጽል ሲሆን፥ እናት ዓለም ግን በአማርኛ የፍቅር አጠራር ነው፤ ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚቀርብ ሰው የሚናገረው ዓይነት። ርእሱ ብቻ ሲታይ ከ1949ኙ በርሊን ይልቅ ወደ 1941ዱ ዙሪክ ያዘነብላል። ጸጋዬ ያላወቁት ነገር ነው ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው፤ የቃል ሚዛን የሚያውቁ ባለቅኔ ነበሩና፥ መርጠውታል ማለት ይቀላል። የመረጡት ደግሞ ሙት ማልቀስ የማኅበር ግዴታ በሆነበት አገር፥ ለእናት ያለማልቀስ ትምህርት ከመድረክ ቢቀርብ ማን ይሰማዋል ብለው እንደሆነ፥ ይህ ራሱ ክርክር የሚገባው አሳብ ነው። ተማሪው ጀርመንኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ አስቀድሞ የሚገልጠው አምስተኛውን ትዕይንት ይሁን፤ ሸሚዞቹ በእናቲቱ ፈቃድ ተሰጥተው እንደሆነ ወይም ተነጥቀው እንደሆነ ይይ፤ ትዕይንቱ ቀርቶም ቢሆን፥ ያስቀረው እጅ የማን እንደሆነ በሽፋኑ ላይ ተጽፏል።