ኑዛዜ ወይስ ምስክርነት? የሃሪ ኦርቻርድ ግለ ታሪክ ተራኪ

ግለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ የኖረው፣ ሌላው የሚተርከው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር የሃያሲው ሥራ ይከብዳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ርቀት በ1907 ኒው ዮርክ ላይ በታተመው የሃሪ ኦርቻርድ ኑዛዜና ግለ ታሪክ ውስጥ ለመመርመር እሞክራለሁ። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦርቻርድ፣ በእውነተኛ ስሙ አልበርት ሆርስሊ፣ በ1866 በካናዳ ኦንታሪዮ ተወለደ። በወጣትነቱ አይብ ሠሪ ነበር። ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ተሻገረና በአይዳሆ ማዕድን ቆፋሪ ሆነ። በ1899 የሠራተኛ ማኅበሩ አባላት የበንከር ሂል ኩባንያን የማዕድን ማጣሪያ በዲናሚት አፈረሱ። የግዛቱ ገዥ ፍራንክ ስቱነንበርግ የፌዴራል ጦር አስጠራ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ታጎሩ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1905 ስቱነንበርግ፣ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ፣ በካልድዌል ከተማ በቤቱ የአጥር በር ላይ በተጠመደ ቦምብ ሞተ። ያጠመደው ኦርቻርድ ነበር።

በእኛ ልማድ ኑዛዜ ለነፍስ አባት በምስጢር የሚነገር ነው። የኦርቻርድ ኑዛዜ ግን የተነገረው ጄምስ ማክፓርላንድ ለተባለ የፒንከርተን መርማሪ ነው። ተናዛዡ የራሱን ኃጢአት ሲዘረዝር የምዕራብ ማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን መሪዎች እንደቀጠሩት ጨምሮ ተናገረ። ስለዚህ ተራኪው «ገደልሁ» ባለ ቁጥር ሌላ ሰው ወደ ስቅላት ይቀርባል። የመጽሐፉ ዋና ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የአተራረኩ ስልት ጌጥ የለውም። ተራኪው የፈንጂ አሠራርን አንድ ባለሙያ ስለ ሥራው በሚናገርበት እርጋታ ይገልጻል። አንባቢ ይህን እርጋታ የእውነት ምልክት አድርጎ ለመቀበል ይቸኩላል። እኔ ግን ዝርዝር መብዛቱ ለእውነትነት በቂ ማስረጃ ነው አልልም። ለአብነት፣ በ1904 በሳን ፍራንሲስኮ የፍሬድ ብራድሊን ቤት በቦምብ እንዳፈነዳ ተናዟል። የሕንፃው ባለቤት በበኩሉ ፍንዳታው የመጣው ከጋዝ መፍሰስ ነው ብሎ የጋዝ ኩባንያውን ከሶ ረታ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፍርዱን በ1909 አጸና። አንዱ ፍንዳታ ሁለት ታሪክ ወልዷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ጉድለት ግን የሟቾች ድምፅ አለመኖሩ ነው። በ1904 በኮሎራዶ ኢንዲፔንደንስ ባቡር ጣቢያ በደረሰው ፍንዳታ 13 ሠራተኞች አልቀዋል። ይህን ድርጊት ኦርቻርድ የእኔ ነው ብሏል። ሟቾቹ እንደ እርሱ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ። በትረካው ውስጥ ግን ፊት የላቸውም፤ የሚጎላው ተናዛዡ ብቻ ነው።

በ1907 ቦይዚ ከተማ ላይ የማኅበሩ መሪ ቢል ሄይዉድ በተከሰሰ ጊዜ፣ ዳኛው የግብረ አበር ቃል በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ ብቻውን እንደማያስፈርድ ለሸንጎው አስረዱ። ሸንጎውም ሄይዉድን በነጻ ለቀቀ። ይህን ፍርድ እንደ መልካም ሂስ እቆጥረዋለሁ፤ ሰውዬው ዋሽቷል ሳይል፣ ትረካው ብቻውን ሰው ለመግደል አይበቃም ብሏልና።

ኦርቻርድ የተፈረደበት ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ በ1954 እዚያው እስር ቤት ሞተ። ከመሞቱ 2 ዓመት በፊት ሕይወቱን በሌላ መጽሐፍ እንደገና አስተርኳል። የመጀመሪያው መጽሐፍ «ማን አዘዘኝ?» ለሚለው፣ ሁለተኛው «ማን አዳነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። «ማንን ገደልሁ?» የሚለው ግን በሁለቱም መካከል ሜዳ ላይ ቀርቷል። ግለ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ተራኪው የተናገረውን ከመዘነ በኋላ፣ ማን እንዲናገር እንዳልተፈቀደለት መጠየቅ አለበት እላለሁ።