ከኮረብታው የማይወርዱት ምኒልክ

ስለ ቪዲዮ ጌም ሥዕል ኂስ መጻፍ ቀለም ማባከን የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። እኔም በፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖር አንድ ወጣት በቴሌግራም የሚያሰራጫቸውን ስምንት ሥዕሎች ባላይ ኖሮ ነገሩን አላነሣውም ነበር። የሣለው «ሲቪላይዜሽን 6» በተባለው የአሜሪካ ጌም ውስጥ ያሉትን ዐፄ ምኒልክን ነው።

ጌሙን ለማያውቁ፦ ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ እየመራ ከተማ ይቆረቁራል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል። በቀዳሚው ጌም በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመሯት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ምኒልክ የገቡት በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። አማርኛ ይናገራሉ። ኮረብታ ላይ የቆረቆሯቸው ከተሞች የዕውቀትና የባህል ብልጫ ያገኛሉ፤ ጦራቸውም ኮረብታ ላይ ይበረታል። ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም ያሠራሉ። ዋሻ ሚካኤል ባለበት በየካ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከስምንቱ ሰባቱ ግልባጭ ናቸው። እጁ የሠለጠነ ነው፤ ጥላውንም ብርሃኑንም ጌሙ ባስቀመጠበት አስቀምጦታል። መገልበጡን አልነቅፍበትም። የ17ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊዎቻችንም በ1590ዎቹ መባቻ ሮም ከታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ገልብጠዋል። እነርሱ ግን ጥቁሩን የኅትመት መስመር በቀይና በቢጫ ሞልተው፣ ዓይኑን አጉልተው የራሳቸው አደረጉት። የእኛ ወጣት ለጌሙ ታማኝነቱ በዝቶ ጌሙ የዘለለውን እርሱም ዘለለ።

ጌሙ የዘለለው ምንድን ነው? መውረዱን ነዋ! ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ በታሪክ የገነኑት ብርዱንና የማገዶ እጦቱን ትተው ወደ ፍልውሃው ሜዳ በመውረዳቸው ነው። ለዚያ ሜዳ ስም ያወጡት ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እቴጌይቱ በጌሙ መሪዎች መካከል የሉም።

በስምንተኛው ሥዕል ግን አሉ። በጌሙ ቀለምና አሣሣል ከባለቤታቸው ፊት ቆመው ሜዳውን በእጃቸው ያመለክታሉ፤ ምኒልክ ደግሞ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ እርሳቸው ያያሉ። ከኋላቸው ባሕር ዛፍ ተደርድሯል። ከተማዪቱ በተቆረቆረችበት በ1879 ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ገና አገራችን አልገባም ነበርና ስሕተት ነው። ሆኖም ከስምንቱ ሥዕሎች ውስጥ ከመስኮቱ አሻግሮ የሚያየውን የሣለበት ይኸው ብቻ ነው፤ እንዲፍቀው አልመክረውም።

የሚያሳዝነው፣ ጓደኞቹ ሰባቱን ግልባጮች በአድናቆት ሲቀባበሉ ስምንተኛውን ከጌሙ ጋር አይመሳሰልም ብለው አለፉት። እርሱም ወደ ግልባጩ ተመልሷል አሉ። በእንጦጦ ማርያም ግቢ ያለው ሙዚየም ግን የንጉሡንም የእቴጌይቱንም ልብሰ መንግሥት ይዞ፣ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ክፍት ነው።