አጥንት ሳይሰበር

የሰርግና የበዓል ወጥ ልትማር ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት የምትመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ምን ያህል ይቁላላ፣ በርበሬው መቼ ይግባ፣ ቅቤው ስንት ይሁን ትለኛለች። ባለፈው ሰሞን ግን ከአዲስ አበባ የተመለሰች አንዲት ልጅ ሌላ ነገር አነሣች። «እትዬ፣ ቻይናዎቹ ዳክዬውን እንዳለ ጠብሰው ያመጡታል። እኛ ዶሮዋን 12 ቦታ በልተን፣ ቆዳዋን ገፈን የምንደክመው ለምንድን ነው?»

ዳክዬውን እኔም አይቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሲመረቅ ቦሌ አካባቢ ካለ ትልቅ የቻይና ምግብ ቤት ተጋብዘን ነበር። ዳክዬ በእኛ ዘንድ አይበላምና ሩዝና አትክልት በላሁ፤ ዓይኔ ግን ከቆራጩ እጅ አልተነሣም። እንዳለ ይመጣል እንጂ እንዳለ አይበላም። ሰውየው ከጠረጴዛችን አጠገብ ቆሞ በቀጭን ቢላ መጀመሪያ የደረቱን ቆዳ አነሣ፣ ከዚያ ሥጋውን ከነቆዳው በስሱ በስሱ እየላጠ ሳህን ላይ ደረደረው። ቢላው አጥንት ሲመታ አንዴም አልሰማሁም። ቤይጂንግ ውስጥ በፈረንጆች 1864 የተከፈተው ችዋንጁዴ የሚባለው ቤት በቆየ ልማዱ አንዱን ዳክዬ 108 ቦታ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ለልጅቷ ያልኋት፣ ድካም ሸሽተሽ ወደ ቻይና ከሄድሽ መንገድ ስተሻል ነው።

የቆዳው መልስ አጭር ነው። እነሱ ሥራቸውን ሁሉ የሚያፈሱት ቆዳው ላይ ነው፤ በቆዳውና በስቡ መካከል አየር ይነፋሉ፣ የፈላ ውኃ ያፈሱበታል፣ ከብቅል የሚወጣ ጣፋጭ ይቀቡታል፣ ሰቅለው ያደርቁታል፣ ከዚያ በፍራፍሬ ዛፍ እንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ አንጠልጥለው ይጠብሱታል። በደረቅ እሳት ቆዳ ይንኮሻኮሻል። ወጥ ውስጥ ግን ይልሞሰሞሳል፣ ስቡም ከንጥር ቅቤው ጋር ተንሳፍፎ የኮረሪማውን ሽታ ያፍነዋል። የቡሬ በርበሬ ሥጋው ውስጥ እንዲገባ ቆዳው መነሣት አለበት።

ከማንም ጋር የምከራከርበት ነገር ብለታው ነው። ዶሮ ወጥን ቁሌት ያደርገዋል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሽንኩርት ማቁላላት ትዕግሥት ያላት ሁሉ የምትለምደው ነው ባይ ነኝ፤ የባለሙያ እጅ የሚታወቀው ድስቱ ገና ሳይጣድ ነው። የምትበልት ሴት ቢላዋን ከማሳረፏ በፊት በጣቷ ትፈልጋለች። ታፋውን ወደ ኋላ ስትለጥጠው መገጣጠሚያው ራሱ ብቅ ይላል፤ ነጩ ላይ ቢላው ያለ ጉልበት ይገባል። ጉልበት ካስፈለገሽ ቦታውን ስተሻል፤ መልሰሽ ፈልጊ። ክንፉም፣ እግሩም፣ አንገቱም እንዲሁ ነው። ጀማሪ የምትለየው ፈረሰኛው ላይ ነው፤ የደረቱን ሥጋ ከነባላ አጥንቱ ሳይቀደድ ማንሣት እጅ ይጠይቃል። በኋላ ሎሚና ጨው የሚያጥቡት ደም ብቻ መሆን አለበት፣ የአጥንት ስብርባሪ አይደለም።

አንድ የሆቴል አብሳይ በዚህ ነገር ሞግቶኛል። እሱ ዶሮውን በመጥረቢያ ቢላ እየመታ እኩል እኩል ይቆራርጠዋል፤ ለደንበኛ የሚደርሰው ሥጋ ሚዛኑ አንድ ይሆናል፣ ቶሎም ይበስላል ይላል። ሰውየው ቅን ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። ነገር ግን የተመታ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪው ከወጡ ጋር ይዋሃዳል፣ እንጀራ የሚጠቀልል ልጅ አያየውም። መቅኒውም ወጥቶ አጥንቱ አጠገብ ያለውን ሥጋ ያጠቁረዋል። ከሁሉ በላይ ግን የወጣው ነገር ስም የለውም። ታፋ ነው? ጀርባ ነው? መላላጫ ነው? እንግዳው ፊት የወደቀው ቁራጭ ሥጋ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሳሶ የሚባለው የዶሮ ዝርያ መጥቷል። ከጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ የምገዛው ገብስማ አውራ ዶሮ ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ቆይቶም ብልቱ እንደ ቆመ ይወጣል። ሳሶ ሥጋው ለጋ ነው፤ ትንሽ ከቆየ ከአጥንቱ ይላቀቃል። «ለሳሶ ምን ብለታ ያስፈልገዋል» የሚሉኝ አሉ። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። ሥጋን ከአጥንት ጋር ይዞ የሚያቆየው መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጅማት ነው። አጥንቱን መሐል ላይ ከሰበርሽው ሥጋው የሚይዘው አጥቶ ድስት ውስጥ ይበተናል። መገጣጠሚያው ላይ የለየሽው ሳሶ ግን እስከ መሶቡ ድረስ ቅርጹን ይዞ ይደርሳል። ለጋ ዶሮ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

12 የሆነው በሐዋርያት ቁጥር ነው ይባላል። አያቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር፣ አልቃወማትም። እኔ በሥራዬ ያየሁት ደግሞ 12 ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለስድስትም ያለ ጠብ የሚከፈል ቁጥር መሆኑን ነው። ዶሮ በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚታረድበት የገጠር ቤት፣ ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ ከቅዳሴ መልስ የሚገድፍ ቤተሰብ መሶብ ሲከብ፣ እያንዳንዱ ድርሻው የት እንዳለ ያውቃል። ፈረሰኛው ለአባወራው ነው፤ የከበረ እንግዳ ካለ ለእሱ። የሕፃኑ ክንፍ እንኳ የታወቀ ነው።

አባቴ ያረፈው ቡሬ ሳለን፣ እኔ ገና ሳላገባ ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ እናቴ ዶሮዋን በለተች፣ ወጡን ሠራች፤ ጭልፋዋን ስታነሣ ሁላችንም እናያት ነበር። ፈረሰኛው ለታላቅ ወንድሜ ይሆናል ብለን ነበር። አውጥታ እኔ ፊት አኖረችው። ወንድሜ ምንም አላለም፤ እንጀራውን ቆርሶ በላ። እናቴም ምክንያቷን አልነገረችንም። ከዚያ በኋላ ግን የቤቱን ጉዳይ፣ የእህሉንም የዕዳውንም፣ እኔን ማማከር ጀመረች፤ ወንድሜም ወደ ጎረቤት ሽምግልና ሲሄድ ነግሮኝ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በቃል ቢነገር ኖሮ ቤታችን ውስጥ ክርክር ይነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ነው ለሰው ቤት በዓል ስጠራ ቢላ ከማንሣቴ በፊት ባለቤቲቱን ስለ ቤተሰቡ የምጠይቃት። ማን አረፈ፣ ማን ከሩቅ መጣ፣ አዲስ ሙሽራ አለች ወይ፣ ከማን ጋር ተኳርፋችሁ ታረቃችሁ እላለሁ። አንዳንዶቹ ይገርማቸዋል፣ ወጥ ልትሠራ እንጂ ነገር ልትሰማ አልመጣችም ብለው ያስባሉ። ሌሎቹ ግን ወዲያው ይገባቸዋልና ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይነግሩኛል፤ እኔም እየሰማሁ ዶሮውን እለጥጣለሁ።